450 ያልኩት ምኑ ላይ ነው የተሳሳተው? (የኮምቢኔሽን ጥያቄ)

የማታ ተማሪ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ሥራ፣ ማታ ኤክስቴንሽን ነኝ። የስታትስቲክስ ፈተና ተፈትነን ወረቀቱ ዛሬ ተመለሰልን። አንዱ ጥያቄ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ ተደርጎበታል። ከጎኑ 285 ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም። መምህሩን ስጠይቅ "ቀላል እኮ ነው፣ ረጋ ብሎ ማየት ነው" ብሎኝ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ጥያቄው እንዲህ ነው። አንድ ዕድር ውስጥ 5 ሴቶችና 7 ወንዶች ለኮሚቴ ተጠቁመዋል። ከ12ቱ 4 ሰው በዕጣ ይወጣል። ቢያንስ 2 ሴቶች ያሉበት ኮሚቴ በስንት መንገድ ሊወጣ ይችላል? ፕሮባቢሊቲውስ (የመውጣት ዕድሉስ) ስንት ነው?

እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ቢያንስ 2 ሴት ስለተባለ መጀመሪያ ከ5ቱ ሴቶች 2 ላውጣ። 10 መንገድ። በቃ፣ "ቢያንስ" የሚለውን ግዴታ ጨረስኩ። ከቀሩት 10 ሰዎች ደግሞ ሴትም ይሁን ወንድ የፈለግኩትን 2 ልጨምር። 45 መንገድ። 10 × 45 = 450።

ምኑ ጋ ነው የሳትኩት?

ፌስታል
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡52

ወንድሜ ቀላል ነው፣ በኬዝ ክፈለው።
2 ሴትና 2 ወንድ፦ 10 × 21 = 210
3 ሴትና 1 ወንድ፦ 10 × 7 = 70
4 ሴት፦ 5
ድምር 285። ጠቅላላ ኮሚቴው 495 ነው። 285 ለ495 ሲቃለል 19/33 ይሆናል፣ ወደ 57.6 በመቶ። አለቀ ደቀቀ።

የማታ ተማሪ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡58

እህትህ ነኝ፣ ግን ግድ የለም። አመሰግናለሁ። ያንተ መንገድ ይገባኛል፣ 285 ልክ እንደሆነም አምኛለሁ። ያልገባኝ የኔ ለምን ስህተት እንደሆነ ነው። የጣስኩት ሕግ የለም። ሁለት ሴት አስገባሁ፣ ሁለት ሰው ጨመርኩ፣ አራት ሞላ። ቢያንስ ሁለት ሴት የሌለበት ኮሚቴ አንድም አልገባብኝም። ኬዙን ብቻ ሸምድጄ ብሄድ በሚቀጥለው ፈተና እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው የምገባው።

ፌስታል
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡01

ይቅርታ እህቴ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ለምን እንደሆነ አስቤው አላውቅም። ክፈሉ ተባልን፣ ከፈልን።

ጠመኔ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡25

22 ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። ይህን ስህተት ያላየሁበት ክፍል የለም፣ ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው ደግሞ የሚሠሩት። ጥያቄሽ ከመልሱ ይበልጣልና ረጋ ብለን እንየው።

ያንቺ ዘዴ መግባት የሌለበትን ኮሚቴ አላስገባም፣ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። መግባት ያለበትንም አልተወም። ችግሩ አንዱን ኮሚቴ ደጋግሞ መቁጠሩ ነው።

ለሰዎቹ ስም እንስጣቸው። ሴቶቹ አልማዝ፣ ብርቱካን፣ ጫልቱ፣ ሐዳስና ዘቢባ ይሁኑ። ከወንዶቹ ከበደ ብቻ ይበቃኛል። አሁን አልማዝ፣ ብርቱካን፣ ጫልቱና ከበደ ያሉበትን ኮሚቴ ያዢ። ይህ ኮሚቴ በአንቺ ዘዴ እንዴት ይወጣል?

መጀመሪያ አልማዝና ብርቱካን፣ ከዚያ ጫልቱና ከበደ።
መጀመሪያ አልማዝና ጫልቱ፣ ከዚያ ብርቱካንና ከበደ።
መጀመሪያ ብርቱካንና ጫልቱ፣ ከዚያ አልማዝና ከበደ።

ሦስት ጊዜ ቆጠርሽው። ቃለ ጉባኤው ላይ የሚፈርሙት ግን እነዚያው አራት ሰዎች ናቸው። ሳይታወቅሽ ሴቶቹን "ለግዴታ የገቡ" እና "በኋላ የተጨመሩ" ብለሽ ለሁለት ከፍለሻል። ዕድሩ እንዲህ ያለ ልዩነት አያውቅም።

አሁን 450ን ራሷን እንፈልጋት። በትክክል 2 ሴት ያለባቸው 210 ኮሚቴዎች አንድ አንድ ጊዜ ተቆጥረዋል። 3 ሴት ያለባቸው 70ዎቹ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ 210። 4ቱም ሴት የሆኑባቸው 5 ኮሚቴዎች ደግሞ ስድስት ስድስት ጊዜ፣ ምክንያቱም ከ4 ሴት "የመጀመሪያዎቹን" ሁለት በ6 መንገድ መምረጥ ይቻላል፤ 30። ደምሪያቸው። 210 + 210 + 30።

የማታ ተማሪ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡31

ኧረ 450! ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር እንዴ!

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና በራሴ ቋንቋ ልበለው፦ አንዱን ደረሰኝ ሦስት ጊዜ መዝግቤዋለሁ። ቢሮ ቢሆን ሒሳቡ አልዘጋ ሲለኝ እነቃ ነበር። እዚህ ግን የሚያነቃ ነገር የለም። 450 ከ495 ስለሚያንስ ጭራሽ አልጠረጠርኩም።

ጠመኔ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡50

የሚያነቃ ነገርማ አለ። ያንኑ ዘዴሽን "ቢያንስ 1 ሴት" ለሚል ጥያቄ ሞክሪው። 1 ሴት ከ5፣ ከዚያ 3 ሰው ከቀሩት 11። 5 × 165 = 825። ኮሚቴው በጠቅላላ 495 ሆኖ ሳለ 825 ኮሚቴ አገኘሽ! ፕሮባቢሊቲው ከመቶ 167 ሊሆን ነው። ፈተናው ላይ የመጣብሽ ይህ ቢሆን ኖሮ እዚያው ትደነግጪ ነበር። መጥፎ ዕድልሽ ሆኖ ውሸቱ እውነት የሚመስልበት ቁጥር መጣብሽ።

ሁለተኛው ማጣሪያ "ቢያንስ" ሲባል ተቃራኒውን ቆጥሮ መቀነስ ነው። ለአንቺ ጥያቄ ተቃራኒው 0 ሴት ወይም 1 ሴት ነው። 0 ሴት፣ 4 ወንድ ከ7፦ 35። 1 ሴትና 3 ወንድ፦ 5 × 35 = 175። ሲደመር 210። 495 ሲቀነስ 210፣ 285። በኬዝ የተሠራው ከዚህ ጋር ከገጠመ ተኝተሽ ማደር ትችያለሽ። በፈተና ሰዓት ሁለቱንም መንገድ መሥራት ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም።

የሻርጃዋ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

ከትምህርት ከራቅኩ ቆየሁ፣ ማታ ሥራ ጨርሼ ሳነብ አመሸሁ። የስሞቹ ነገር ገብቶኛል። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እንዳትስቁብኝ። ሁላችሁም 495 ትላላችሁ። ከየት ነው የመጣው?

ዕቁብተኛ
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05

ማንም አይስቅም። እኔም የገባኝ በዕቁብ ነው።

የኛ ዕቁብ 12 ሰው ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንምረጥ ብንል ለዳኛው 12 ሰው አለ፣ ለጸሐፊው 11፣ ለገንዘብ ያዡ 10። 12 × 11 × 10 = 1,320። እኔ ዳኛ አንቺ ጸሐፊ መሆናችን፣ አንቺ ዳኛ እኔ ጸሐፊ ከመሆናችን ይለያል። ቦታው ስም ስላለው ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ይህ ፐርሙቴሽን ይባላል።

አሁን ደግሞ ሒሳብ የሚመረምሩ ሦስት ሰዎች እንምረጥ። ሦስቱም እኩል ናቸው፣ አለቃ የላቸውም። ማን ቀድሞ ተጠራ፣ ማን ኋላ ተጠራ ለውጥ የለውም። ሦስት ሰው በ6 ዓይነት ተራ ሊጠራ ስለሚችል እያንዳንዱ ቡድን 1,320ው ውስጥ 6 ጊዜ አለ። 1,320 ለ6 ሲካፈል 220። ይህ ኮምቢኔሽን ነው። ከፐርሙቴሽን የሚለየው በማካፈሉ ነው።

495ም እንዲሁ ነው። 12 × 11 × 10 × 9 = 11,880። አራት ሰው በ4 × 3 × 2 × 1 = 24 ዓይነት ተራ ይጠራል። 11,880 ለ24፣ 495።

ዕቁቡ ራሱ ግን ኮምቢኔሽን እንዳይመስልሽ። የዕጣው ተራ በ479,001,600 መንገድ ሊደረደር ይችላል፣ አንዱም ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ወር የደረሰውንና በ12ኛው ወር የደረሰውን "ያው ናችሁ" በያቸውና ታያለሽ። እኔ ሦስት ዙር በተከታታይ ከመጨረሻዎቹ ሁለት አንዱ ሆኛለሁ። የዚህ ዕድሉ 1/6 × 1/6 × 1/6፣ ማለትም ከ216 አንድ ነው። ዳኛውን አልጠረጠርኩም። ትንሽ ብቻ።

የሻርጃዋ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡10

ቆይ ልሞክር። የምሠራው ያበሻ ምግብ ቤት ነው። ለበየዓይነቱ 8 ነገር እናዘጋጃለን፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ስር፣ ድንች። ትንሹ ትሪ ላይ ደንበኛው 5 ይመርጣል። 8 × 7 × 6 × 5 × 4 = 6,720። ትሪው ላይ ሽሮ ቀድሞ ወጣ ምስር ቀድሞ ወጣ ያው ነው፣ ስለዚህ 5 × 4 × 3 × 2 × 1 = 120 ላካፍል። 56። ልክ ነው?

ግን ደንበኞቼ አምስት ነገር አይጠሩም እኮ። "ቀይ ስር፣ ድንችና ክክ ተይልኝ" ነው የሚሉት። ሦስት ያስቀራሉ። እሱንም ሠራሁት። 8 × 7 × 6 = 336፣ ለ6፣ 56። ያው ሆነ!

ጠመኔ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡30

ያው መሆን አለበት። አምስት በመረጥሽ ቁጥር ሦስት አስቀርተሻል፣ እያንዳንዱ ትሪ የራሱ የሆነ የቀሪ ዝርዝር አለው። ከ8 5 መምረጥና ከ8 3 መምረጥ አንድ ነው። ስለዚህ ከ20 ሰው 18 ምረጡ ሲባል 18 ቁጥር የሚያባዛ ተማሪ ሳይ ያሳዝነኛል። የሚቀሩትን 2 መርጦ 190 ብሎ መጨረስ ሲችል።

የበየዓይነቱን ምሳሌ ነገ ክፍል ውስጥ እሰርቅሻለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ረቡዕ፣ ማታ 5፡20

እዚህ አሜሪካ ሥራ ቦታ ፓወርቦል የሚባለውን ሎተሪ የማይቆርጥ የለም። የዕጣው ብር ከፍ ሲል ደግሞ ገንዘብ አዋጥተን እንቆርጣለን። በ2022 ኖቬምበር 2.04 ቢሊዮን ዶላር የደረሰ ጊዜ እኔም አዋጥቻለሁ። ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ ወረቀት አወጣሁ።

ከ69 ነጭ ኳሶች 5 ይወጣሉ፣ ተራቸው ለውጥ የለውም። 69 × 68 × 67 × 66 × 65 ለ120 ሲካፈል 11,238,513። ቀዩ ኳስ ለብቻው ከ26 አንድ ነው፣ ስለዚህ በ26 ይባዛል። 292,201,338። የኔ ቲኬት ከነዚህ አንዷ ናት። ቲኬቷ 2 ዶላር ነው። በየሳምንቱ 100 ቲኬት ብንቆርጥ ትልቁን ዕጣ ለማግኘት በአማካይ ወደ 56 ሺህ ዓመት ያስፈልገናል።

ታች ያሉትንም ሽልማቶች አየሁ። በትክክል 3 ነጭ ገጥሞ ቀዩ ካልገጠመ 7 ዶላር ይሰጣሉ። ከወጡት 5 ነጮች 3ቱ በ10 መንገድ፣ ካልወጡት 64 ደግሞ 2ቱ በ2,016 መንገድ፣ ቀዩ በ25 መንገድ ይስታል። 504,000። ከ580 ቲኬት አንዱ መሆኑ ነው። 1,160 ዶላር ከፍዬ 7 ዶላር። መምህር፣ ልክ ሠርቻለሁ?

ጠመኔ
ረቡዕ፣ ማታ 5፡45

ልክ ነው። "በትክክል 3" ስትል የቀሩትን ሁለቱን ካልወጡት 64 መምረጥህን ወድጄዋለሁ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ከቀሩት 66 ይመርጥና የእህታችንን 450 ይደግማል።

ተከራካሪ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡40

በዚህ ነገር ግን አልስማማም። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 የሚል ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ገንዘቡን የጣለ ነው። እንዲህ ተሰልፎ የሚወጣ ዕጣ አይቼ አላውቅም። 7፣ 18፣ 33፣ 41፣ 60 ይሻላል። ሒሳቡ የፈለገውን ይበል።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡30

7፣ 18፣ 33፣ 41፣ 60 ሲወጣስ አይተሃል?

ተከራካሪ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡34

እሱንም አላየሁም። ግን እሱን የሚመስል አይቻለሁ።

ጠመኔ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡00

"የሚመስል" የምትለዋ ናት ያሳሳተችህ። የተዘበራረቁ ቁጥሮች በሚሊዮን ስለሚቆጠሩ በየጊዜው ከነሱ አንዱ ይወጣል። አንተ የምትቆርጠው ግን መልክ አይደለም፣ አንድ የተለየች የአምስት ቁጥር ስብስብ ናት። ኳሱ ላይ የተጻፈውን ኳሱ አያነበውም። የሁለታችሁም ዕድል ከ11,238,513 አንድ ነው።

ልዩነት የሚመጣው ዕጣው ከወጣ በኋላ ነው። ትልቁን ዕጣ ያገኙት ብዙ ሰዎች ከሆኑ ይካፈሉታል። ብዙ ሰው በልጆቹ የልደት ቀን ስለሚቆርጥ ከ31 አያልፍም። ከ31 ቁጥር 5 መምረጥ 169,911 ነው፣ ከጠቅላላው 1.5 በመቶ ገደማ። ያ ሁሉ ሰው በዚህች ጠባብ ጥግ ተጨናንቆ ቆሟል። የመውጣት ዕድሉ አልቀነሰም፣ ቢወጣለት ግን ተካፋዩ ይበዛበታል። ስለ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 የምታነሳው ክርክር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፣ እሱን የሚቆርጥ ሰው አንድ ብቻ እንዳይመስልህ።

ተከራካሪ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡12

እሺ፣ ተረታሁ። 7፣ 18፣ 33፣ 41፣ 60ን ግን አልቀይርም።

ፌስታል
ሐሙስ፣ ማታ 2፡15

ልደት ሲነሳ አንዷ ትዝ አለችኝ። 23 ሰው ባለበት ክፍል ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ቀን የመወለዳቸው ዕድል 50.7 በመቶ ነው። ብዙ ሰው አያምንም። እኔም አላመንኩም ነበር፣ ጥንዶቹን እስክቆጥር። 23 × 22 ለ2፣ 253 ጥንድ አለ። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ሙከራ ነው። አሠራሩም የመምህርን ይመስላል፦ ማንም ከማንም ጋር ያለመግጠሙን ዕድል ታወጪና ከ1 ትቀንሻለሽ።

በነገራችን ላይ 12 የዕቁብ ሰዎች ሁሉም ከሁሉም ጋር ሰላም ቢባባሉ 66 ሰላምታ ነው። ሦስት ሦስት ጊዜ ከተሳሳሙ 198። ስብሰባው ለምን ዘግይቶ እንደሚጀመር ተገኘ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡50

የልደቷ ሒሳብ እዚህ እኛ ጋ አትሠራም። የትውልድ ቀናቸውን በትክክል ሳያውቁ የመጡ ስንቶቹ ናቸው ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈባቸው። አምስት አዛውንት ሰብስብ፣ ሁለቱ ይገጥማሉ።

ጠመኔ
ሐሙስ፣ ማታ 5፡05

ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር ነው። ይህ ሁሉ ማካፈል የሚሠራው እያንዳንዱ አማራጭ እኩል ዕድል ሲኖረው ብቻ ነው። ኮሚቴው በዕጣ ከወጣ 285 ለ495 ልክ ነው። በምርጫ ከሆነና ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ከመረጠ 285 እዚያው ይቆያል፣ 57.6 በመቶ ግን ትርጉም የለውም።

የማታ ተማሪ
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 11፡20

ተመለስኩ። ዛሬ የሰፈር ልጆች ኳስ ሊጫወቱ በወረቀት ዕጣ ሲከፋፈሉ አየሁና ራሴን ፈተንኩ። 12 ልጆች፣ 6 በ6። ከ12 6 መምረጥ፣ 924። የቀሩት 6 ራሳቸው ሌላው ቡድን ናቸው። መልሴ 924። ልክ ነኝ?

ጠመኔ
ቅዳሜ፣ ማታ 12፡40

ማሊያ አላቸው?

የማታ ተማሪ
ቅዳሜ፣ ማታ 12፡48

ማሊያ የላቸውም። የሚለዩት በ… ቆይ። ወይኔ። ደግሜ ቆጠርኩ! እነ ሐሰንን መርጬ እነ ሁሴን ሲቀሩ፣ እነ ሁሴንን መርጬ እነ ሐሰን ሲቀሩ፣ አንድ ጨዋታ ነው። 924 ለ2፣ 462። አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ ማሊያ ቢለብስ ነበር 924።

ጠመኔ
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡05

ይኸው፣ ያለኔ ደረስሽበት። ሐሰንና ሁሴን መንትዮች ናቸው? እንግዲያው በአንድ ቡድን የመሆናቸውን ፕሮባቢሊቲ አውጪልኝ።

የማታ ተማሪ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡30

መንትዮች ናቸው፣ ጎረቤቶቼ። አብረው ከሆኑ ከቀሩት 10 ልጆች 4 ይጨመሩላቸዋል። 210። ለ462 ሳካፍል 5/11። ከዚያ በሌላ መንገድ አጣራሁት፦ ሐሰን አንድ ቦታ ከያዘ ለሁሴን 11 ቦታ ቀርቶታል፣ ከሐሰን ጋር የሚያጫውቱት 5ቱ ብቻ ናቸው። ያው 5/11። በአንድ መስመር አለቀ፣ ኮምቢኔሽንም አላስፈለገው።

ሐሰን በር ላይ ነበርና ነገርኩት። "ሁልጊዜ የምንለያየው ለዚህ ነው?" አለኝ። 6/11 ከግማሽ ትንሽ ነው የሚበልጠው ብዬ ላስረዳው ስሞክር፣ "ታዲያ በሳንቲም ብናደርገው ይሻለን ነበራ" ብሎኝ ሄደ።

ይሻላቸው ነበር።